ቁጥር ዐሥራ አራት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ በዚያን ጊዜ ሞኝ አልነበርኩም። ዲፕሎማ ነበረኝ። የሁለቱ ልዩነት እስኪገባኝ ድረስ ከቢቸና እስከ ሞጣ አንድ እሑድ ሙሉ ስለፈጀብኝ እናንተም ትንሽ ታገሡኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት በሞተር ጥገና ተመርቄ ቢቸና የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ዲፕሎማዬ ወፍራም ወረቀት ነበር። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሐረግ ተስሎበታል፣ መሐሉ ላይ ስሜ እስከ አያቴ ድረስ ተጽፏል፣ ከስሜ ሥር ቀይ ማኅተም አርፎበታል። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ በመስኮት ገደሉን እያየ ያማትባል፤ እኔ ዲፕሎማዬ እንዳይታጠፍብኝ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ገደሉን ያየሁት በዓመቱ ነው።

ትምህርት ቤቱ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበረችው። ከእኔ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ነፍሷን ይዘው ያቆዩዋት አቶ አለኸኝ የሚባሉ የወፍጮ ቤት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። ኋላ ወፍጮ ቤት ተቀጥረው፣ ወፍጮው በተበላሸ ቁጥር ከአዲስ አበባ መካኒክ መጠበቅ ቢሰለቻቸው አንድ ቀን ራሳቸው ፈቱት። ሦስት ቀን ዙሪያውን እየዞሩ አዩትና መልሰው ገጠሙት። ሙያቸው ይኸው ነው። ዋና አስተማሪያችን ከእሳቸው ጋር ሲያስተዋውቁኝ፣

«ለመሆኑ የሚሠሩት በየትኛው መመሪያ መጽሐፍ ነው?» አልኳቸው።

አቶ አለኸኝ ቀኝ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። እኔም መምህራኑ ሁሉ ባሉበት ከት ብዬ ሳቅሁ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አይድከሙ፤ ባለሙያ መጥቷል» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ መምህር» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ያን ቀን አፌን ብዘጋ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

በዚያ ዓመት ሰኔ ገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞተሯን ልፈታት ተነሣሁ። ምንም አልሆነችም ነበር። ግን ዲፕሎማ ይዞ ያልተበላሸ ሞተር አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ እጅ ያሳክካል። «የፈታኸውን በተራ ደርድር፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጠው» ብለው አስተምረውናል። የአከራዬን የእትዬ የሻረግን ሰሌን ግቢው ውስጥ ዘረጋሁና ካርቡራተሩን፣ ነዳጅና አየር የሚደባልቀውን ዕቃ ማለት ነው፣ ከነቤተሰቡ ፈታሁት። ከደብተሬ ወረቀት እየቆራረጥኩ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት ቁጥር ጻፍኩና በየዕቃው ሥር አስቀመጥኩ። እንዴት ያምር ነበር! መምህሮቼ ቢያዩኝ ያለቅሱ ነበር እያልኩ እጄን ልታጠብ ወደ ቤት ገባሁ።

ለካ ጎረቤት ያሉ አዛውንት እዚያው ሰዓት ላይ ዐርፈዋል። ለቅሶ ቤት ሰሌን ሲያስፈልግ እንደማይጠየቅ፣ ገብቶ እንደሚወሰድ ማንም የአገሩ ሰው ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። እጄን እያደረቅሁ ስወጣ ሰሌን የለም። ዕቃዎቼ ግማሾቹ መሬት ላይ ተራግፈዋል፤ ግማሾቹ ሰሌኑ ውስጥ ተጠቅልለው ለቅሶ ሄደዋል።

እኔም ሄድኩ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አቀርቅሬ ተቀመጥኩና በመዳፌ ሰሌኑን መዳበስ ጀመርኩ። አንዷን ዳዶ ከአንድ ሽማግሌ ጉልበት ሥር አገኘኋት። ሞላዋን ለማውጣት በግንባሬ ልደፋ ምንም አልቀረኝ። ሽማግሌው ትከሻዬን እያሻሹ «በቃህ ልጄ፣ በቃህ፤ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት» አሉኝ። ማዶ ከተቀመጡት መካከል አቶ አለኸኝ ነበሩ። አዩኝ። እግራቸውን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጉ፤ ከእግራቸው ሥር አንዲት ብሎን ነበረች።

ማታ ስቆጥር ሃያ አንድ ሆነ። ቁጥር ዐሥራ አራት የለም። ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ ዕቃው ግን ምን እንደነበረ ጭራሽ ትዝ አልል አለኝ። ስስ፣ ጠቆር ያለ ነገር መሰለኝ። ሞተሯን ገጠምኳትና ብረግጣት ተነሣች! ስትነሣ ቁጥር ዐሥራ አራትን ማን ያስታውሳል? ስቆጥር ተሳስቼ ነው ብዬ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ እንደወጣ፣ ዋና አስተማሪያችን እየሮጡ መጡ። ከዚያ በፊት ሲሮጡ ያየ ሰው ስለሌለ መንደሩ ሁሉ በር በሩ ላይ ወጣ። ቅዳሜ በአውቶቡስ የመጡት የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ሣጥኖች ሁለት ነበሩ። ሁለቱም የቢቸና መስለዋቸው ቢሮ ቆልፈውባቸው አደሩ። ዛሬ ጠጋ ብለው ሲያዩ ያንደኛው ክዳን ላይ «ሞጣ» ተብሎ ተጽፏል። ፈተናው ነገ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

«ሣጥኑ ካልደረሰ የሞጣ ልጆች ዓመቱን ደገሙ ማለት ነው!» አሉኝ። የአውራጃው ላንድሮቨር ደብረ ማርቆስ ሄዷል። አውቶቡስ የለም። ያለችው ሞተሯ ናት፣ ያለሁት እኔ ነኝ።

ሣጥኑን አጅቦ ይሄዳል የተባለው ፖሊስ እኔ መሪውን ስይዝ አይቶ ሆዱን አመመው። ያኔ አቶ አለኸኝ የቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ጠጋ አሉ።

«ትሁን የምትባል ልጄ ሞጣ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማር። ነገ ከተፈታኞቹ አንዷ ናት። ሣጥኑን እኔ እይዛለሁ» አሉ።

«ይምጡ» አልኩ፣ «ግን በመንገድ ላይ ስለ ሞተሯ አንድ ቃል እንዳይናገሩኝ።»

«ካልጠየቁኝ አልናገርም። ደግሞም ዛሬ ሰንበት ነው፤ ብረት አልነካም።» ግራ እጃቸውን አሳዩኝ። አመልካች ጣታቸው የለችም። «አንድ እሑድ የወፍጮው ቀበቶ ወሰዳት። መርጡለ ማርያም ሄጄ ሁለተኛ በሰንበት መፍቻ አልይዝም ብዬ ተሳልኩ። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

እኔ ምን ገዶኝ! ለእኔ እንደ ሣጥኑ የሚጫኑ ሰው ናቸው። እንዲያውም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ፤ የሞጣው ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል ኃላፊ እንደሚፈልግ ሰምቻለሁ። ዲፕሎማዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ኮቴ ሥር ደረቴ ላይ አስገባሁና ተነሣን።

ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ሞተሯ ደኅና ነበረች። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ማፏጨት ጀመረች። ቀጭን ፉጨት ናት። ነዳጅ ስጨምር ትጮሃለች እንጂ አትስብም፤ ስቀንስ ትንፋሿ ይጠፋል። ከኋላዬ አቶ አለኸኝ ሣጥኑን እንዳቀፉ ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል ሲያደርጉ ይሰማኛል። እያዳመጡ ነው። እያዳመጡ እንደሆነ ማወቄ ከፉጨቱ ይልቅ አናደደኝ። ግንደወይን ሳንደርስ፣ አንድ ሰው የማይታይበት ሜዳ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተኩሳ ቀጥ አለች። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

የትምህርት ቤት ደብተሬን አወጣሁ። «ሞተር ሲቆም የሚደረግ ምርመራ» የሚል ዐሥር ገጽ አለኝ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ። ከአንደኛው ጀመርኩ። ካንዴላውን፣ እሳት የሚጭረውን ማለት ነው፣ ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ አሰርኩ። የነዳጁን ቱቦ ነፋሁ። ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። እያንዳንዱን ጨርሼ ስረግጣት ትነሣለች፤ ልቤ ዘለል ይላል፤ ታፏጫለች፤ ትሞታለች። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። አቶ አለኸኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። በጮቄ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ከፊታችን ደግሞ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ።

«ከዘነበ ወንዙ ያሻግረናል?» አልኳቸው።

«አያሻግርም።»

ሌላ አልጨመሩም። የጠየቅኋቸው ስለ ወንዙ ነዋ! ላቤ ደብተሩ ላይ ተንጠባጥቦ ሰማያዊውን ከቀዩ ቀላቀለው። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነጎድጓድ ተሰማ። ዐሥረኛው ገጽ «ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ካልረዱ ወደ ባለሙያ ውሰድ» ይላል። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

ቀና ስል አቶ አለኸኝ መንገዱን ወደ ሞጣ በኩል ትክ ብለው ያያሉ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። ልጃቸው እዚያ ማዶ ነገ የምትለብሰውን እያጠበች ይሆናል። እኔ ከጧት ጀምሮ ስለ ራሴ ውርደት ስጨነቅ እሳቸው ስለ እሷ ሲጨነቁ መዋላቸውን ያን ጊዜ አሰብኩት፤ አፈርኩ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ጋሼ አለኸኝ» አልኩ፣ «ምን ሆና ነው?»

ፈጥነው ተነሡ። ለሦስት ሰዓት ያህል ይህችን ቃል ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ቶሎ በል፤ ቀስቅሳት!» አሉ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረድኩ፤ ደስ አለኝ። ከጋቢያቸው ዘርፍ አንዲት ክር መዝዘው ሰጡኝ። «ክሯን በጫፏ ይዘህ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ አዙራት።»

ረገጥኩና ክሯን አዞርኩ። ከሥር በኩል ስትደርስ ክሯ ከጣቴ አምልጣ ሽው ብላ ወደ መጋጠሚያው ውስጥ ገባች። ሞተሯ ሞተች።

«በዚያ በኩል አየር ትሰርቃለች። በሁለቱ ብረት መካከል ጓርኒሲዮን ነበረ፣ ወረቀት የመሰለ ስስ ነገር። የት አደረስከው?»

ቁጥር ዐሥራ አራት! እጄን ኪሴ ከትቼ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው። ከዚህ የከፋ ኑዛዜ ለንስሐ አባቴም አድርጌ አላውቅም። አቶ አለኸኝ አልሳቁም። እኔ ግን የዚያን ቀን ስቄባቸዋለሁ።

«ሌላ እንቆርጣለን፤ ፍታው» አሉ።

ፈታሁ። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ ቆረጥኩ፣ አስገባሁ፣ አሰርኩ። ገና ስትነሣ ወረቀቱን ቦጭቃ ጠባችው። ሁለት ገጽ ደርቤ አደረግሁ። ያንንም ጠባችው። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ያኔ ዐይኔ ሣጥኑ ላይ ሄደ። እውነቱን ልናገር፤ ውስጡ ያሉት ፖስታዎች ወፍራም እንደሆኑ አውቃለሁ። አቶ አለኸኝ አስተያየቴን አይተው ሣጥኑን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«የሣጥኑ ማኅተም ከተሰበረ ልጄ ተፈተነች አይባልም» አሉኝ። ቀጥለውም ዝግ ብለው «ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ከጧት ጀምሮ ጎንበስ ባልህ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ድምፁ የወፍራም ወረቀት ነው።»

ዲፕሎማዬን አወጣሁት። ጨርቁን ፈታሁት። ሐረጉ፣ ማኅተሙ፣ ስሜ እስከ አያቴ ድረስ። አቶ አለኸኝ ለረጅም ጊዜ አዩት። ማንበብ ያውቃሉ፤ እያንዳንዷን ቃል አነበቡ።

«ይህንስ ቁረጥ አልልህም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሰማዩን አየሁ። መንገዱን አየሁ። አራት ዓመት ዳቦ በሻይ እየበላሁ የተማርኩበት ወረቀት ነው፤ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ እያዞረች አሳይታዋለች። ብዙ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ባስብ አላደርገውም ነበር። ብረቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ዳሩ ይበቃ ይሆን?» አልኩ።

«ጠባብ ነው። መሐሉን። በቢላዋ አይደለም! ድንጋይ አንሣ፤ የብረቱን ጠርዝ ተከትለህ ቀስ እያልክ ደብድበው፤ ራሱ ይቆረጣል።»

ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። በድንጋይ ጠርዝ ጠርዙን ስደበድበው ወረቀቱ በብረቱ ልክ እየተቆረጠ መጣ፣ መቀስ እንዲያ አያምርም። መሐሉ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ስሜ ላይ ወደቀ። ክቧ ቁራጭ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ይዛ ተነሣችና ነፋስ ወደ ሜዳው ወሰዳት። «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚለው ግን ተርፏል።

«አሁን ዘይት ቀባው። አስገባው። ዳዶዎቹን ተራ በተራ፤ ለዚህ አንድ ዙር፣ ለዚያ አንድ ዙር። ኧረ በማርያም ቀስ! አንዱን ብቻ ካጠበቅህ ይጣመማል። ጣትህ ይስማው፣ ዐይንህን ተወው።»

እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተዋል። እኔ መፍቻውን ባዞርኩ ቁጥር ጋቢያቸው ውስጥ እጃቸው አብሮ ይዞራል። አንድ ጊዜማ ዳዶዋ ስትሸራተትብኝ ያች ባለ አራት ጣት እጅ ሳታስበው ከጋቢው ወጥታ መፍቻው ጋ ደረሰች። አቶ አለኸኝ ደንግጠው መልሰው ከተቷት፤ ላይዋ ላይም ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያስተማሩኝ።

«በቃ፣ እዚህ ላይ አቁም። ከዚህ ካለፍክ ትበጥሰዋለህ። ቀስቅሳት።»

ዐይኔን ጨፍኜ ረገጥኩ። ተነሣች። ሁለታችንም ጆሯችንን አቀረብን። ፉጨት የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድነው ለመናገር ይከብደኛል። ዝናቡ ከኋላችን እየተከተለን ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ቀላ ብሎ መጨመር ጀምሯል። አቶ አለኸኝ ወርደው ሣጥኑን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ጋቢያቸውን በላዩ ደርበው፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። እኔ ሞተሯን እየገፋሁ «እመብርሃን፣ ድንጋዩን አሳዪኝ» እላለሁ። ተሻግረን ዞር ስንል የረገጥነው ድንጋይ ሁሉ ተሸፍኗል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞጣ ገባን። ትሁን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፈተናው አልመጣም ተብሎ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። አባቷን ስታይ ሳይሆን ሣጥኑን ስታይ ነው ያለቀሰችው፤ አቶ አለኸኝም አልተቀየሟትም።

የሞጣው ዋና አስተማሪ ማኅተሙን አይተው ፈርመው ተረከቡና ሁለቴ ሦስቴ አቀፉኝ። ጉዳዬንም ነገርኳቸው። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው!» አሉ። «ዲፕሎማህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«የታለ?»

«ሞተሯ ውስጥ ነው።»

ወጥተን አሳየኋቸው። ከመጋጠሚያው በኩል የቀዩ ማኅተም ጫፍ በዘይት ወዝቶ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብለው አዩትና «ደንቡ ግን ዋናውን ቅጂ ይጠይቃል» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ትሁን እርሳሷን ጨብጣ ገባች። ሰንበት አልፏል። አቶ አለኸኝ ከአንድ ጋራዥ ያለው ወዳጃቸው መፍቻ ተውሰው በጨርቅ ጠቅልለው መጡ፤ የመንገድ ላይ ሥራዬን ፈትተው በደንብ ሊሠሩት መሆኑ ገባኝ። በመስኮቱ በኩል ተፈታኞቹን አያለሁ፤ እንደ እኔ የፈራ ግን አንድም አልነበረም።

አቶ አለኸኝ ሞተሯን ረገጡ፤ ባንድ ጊዜ ተነሣች። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ባለ አራት ጣቷን እጃቸውን በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀስ አድርገው አዞሩ። ሞተሯን አጠፉና መፍቻውን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።

«አይፈቱትም ጋሼ?»

«ምኑን ልፍታው?» አሉ። «ተሠርቷል።»

የትምህርት ቤቱን ባንዲራ የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ዐይኔ ውስጥ ያለውን እንዳያዩብኝ ነው። ሥራውን አላገኘሁም። ማግስቱን ወደ ቢቸና ስመለስ ግን በየዳገቱ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ እያዳመጥኩ ሄድኩ፤ ዲፕሎማዬ አንዴም አላፏጨም።